ሁለት ጣሳ ሙጫ፣ አንድ ጣሳ ማጠንከሪያ

ድንጋይ መምረጥ ምን ችግር አለው! ጎንበስ ብሎ ደስ ያለውን ማንሣት ነው። መከራው ያለው ድንጋይን ከድንጋይ የሚያስማማውን ሙጫ መምረጥ ላይ ነው። ይህን የምለው አዋቂ ሆኜ አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት ቢኖር ዳዊትና የመድኃኒት ብልቃጥ ጀርባ ነው። ግን ዘንድሮ ግንቦትን ሙሉ ስለ ሙጫ ሳስብ ስለከረምኩ፣ ወረታ ውስጥ ስለ ሙጫ ከእኔ የበለጠ የሚያወራ ሰው አታገኙም። ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ግን ሞልቷል፤ ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው።

የምኖረው ከጎንደሩ መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው። ሦስት ቤት ነን። መግቢያው ላይ ደሳለኝ አለ፤ ዕድሜውን በጭነት መኪና ሹፌርነት ጨርሶ አሁን በረንዳው ላይ ተቀምጦ የባጃጆቹን አነዳድ ይተቻል። መካከል ላይ እኔ ነኝ፤ ቤቴ ከመተላለፊያው ገባ ያለ ስለሆነ እስከ በሬ የሚደርስ ቅርንጫፍ መንገድ አለኝ። ከመጨረሻው፣ መተላለፊያው ከሚዘጋበት፣ እማሆይ ወለተ ማርያም አሉ። ሰማንያን ዘልለዋል፤ ዓይናቸውም ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም።

የእኛ የፎገራ አፈር ዋልካ ነው። ሩዝ ይወደዋል። ሰው ግን በበጋ በስንጥቁ እግሩን ይሰብርበታል፣ በክረምት ደግሞ እስከ ጉልበቱ ይዋጥበታል። ባለፈው ክረምት እማሆይ ለቅዳሴ ሲወጡ አዳለጣቸውና ወደቁ። ዳሌያቸው ተጎዳ። ወንዛዬ ወስደናቸው ፍል ውኃው ውስጥ ተነክረው፣ በጋውን ቀስ በቀስ ዳኑ። እግራቸው ዳነ፤ ልባቸው ግን ፈራ። ግንቦት ሲገባ ጠሩኝና፣

«አንቺ ልጅ» አሉኝ። የልጅ ልጅ ያየሁትን ሴትዮ ልጅ የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። «ዝናቡ ከጀመረ እስከ መስቀል ከቤት አልወጣም። ሁለተኛ ጭቃ ላይ አልወድቅም። ሳልቆርብ ብሞትም ፈቃዱ ነው።»

ሳይቆርቡ! እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ። እቀመጥና እነሣለሁ፤ ተነሥቼ ወጥቼ ወደ ጣና በኩል ሰማዩን አያለሁ፤ ደመና ከሌለ እቆጣለሁ፤ ደመና ካለ የባሰውን እቆጣለሁ። ቀበሌ ሄጄ መንገድ እንዲያነጥፉልን ጠየቅሁ። «የእናንተ መተላለፊያ ዕቅድ ውስጥ ገብቷል» አሉኝ። ዕቅድ ውስጥ መራመድ ለሚችል ሰው መልካም ነው። እማሆይ ግን የሚራመዱት መሬት ላይ ነው።

ስለዚህ ሦስታችንም ተሰባሰብንና ሙሉቀንን ጠራነው። ሙሉቀን ባሕር ዳር የሆቴል ወለል ሲያነጥፍ የኖረ ግንበኛ ነው። መተላለፊያውን በእርምጃ ለካና፣

«እማማ፣ ሥሩን በገረጋንቲ እንደለድላለን» አለኝ። «ከዚያ ከርብ ወንዝ ድቡልቡል ጠጠር መጥቶ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በሙጫ ተለውሶ ይነጠፋል። ዝናቡ በጠጠሩ መሐል ይወርዳል እንጂ አይተኛበትም፤ እግር አያዳልጥም። ደግሞ ያምራል።»

ማማሩ ነው ያጣላን። ደሳለኝ ከደብረ ታቦር መንገድ ነጫጭ ድንጋይ አስጭኖ መጣና ከራሱ በር ፊት ብቻ ሊያስነጥፈው አሰበ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ደም ሥሬ ይገተራል።

«ደሳለኝ፣ የጋራ መንገድ ላይ የግል ድንጋይ የለም!»

«እትዬ፣ እኔ ያመጣሁት እኮ ነው።»

«እኛስ ከርብ ያመጣነው ከሰማይ ወረደልን? ይደባለቃል!»

ተደባለቀ። ነጩን ከቡናማው፣ ቡናማውን ከግራጫው ጋር እየዘገንኩ ራሴ ደባለቅሁ፤ አንድም በር ከሌላው በር አንድ ነጭ ድንጋይ እንዳይበልጥ። ሙሉቀን አንድ ቀን ሙሉ ቆሞ ጠበቀኝ። ቀኑን እኔን ሲጠብቅ እንደሚውል ቢያውቅ ኖሮ ትራስ ይዞ ይመጣ ነበር።

አሁን ወደ ሙጫው። ደሳለኝ መጀመሪያ «ሲሚንቶ ምን ጎደለው? አገር የቆመው በሲሚንቶ ነው» ብሎ ነበር። «ያንተ በረንዳ የተሰነጠቀው በምንድን ነው?» አልኩት። ከዚያ በኋላ ሲሚንቶ የሚባል ቃል ከአፉ አልወጣም። ሙሉቀን ከመስቀለኛው መንገድ ካለች አንዲት ባለሱቅ ሁለት ዓይነት ሙጫ በትንሽ በትንሹ አምጥቶ በእያንዳንዱ የድፎ ዳቦ ስፋት ያለው ድንጋይ ለወሰልን።

«አንደኛው ቻይ ነው» አለ፣ «ግን ፀሐይ ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል። ሁለተኛው ዕድሜ ልኩን እንደ ውኃ ጠርቶ ይኖራል፤ ግን ሲለወስ ጠጠሩ እርጥብ ከሆነ ይቆጣል።»

እኔ የሰው ቃል ሰምቼ አላምንም። ሁለቱንም ጣራ ላይ አሰጣኋቸው፤ ባልዲ ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው፤ ዘይት ቀባኋቸው፤ የጎረቤት ላም አስረገጥኳቸው። ላሟ በሁለቱም ላይ ያንኑ ሠራች፤ አላዳላችም። ከዚያ ሁለተኛው እንደገና ይለወስ ብዬ፣ ለሙሉቀን ሳልነግረው ጠጠሩን በውኃ አለቅልቄ ሰጠሁት። ሙጫው እንደ ጠላ ድፍድፍ አረፋ ደፍቆ ተነሣ። ጠጠሩን ተሸክሞ ተነሣ!

«አየህ!» አልኩት። «እርጥበት የሚያስቆጣው ሙጫ ፎገራ ምን ይሠራል? እኛ እኮ ክረምት በመጣ ቁጥር ጣናን ማሳችን ላይ የምናስተናግድ ሰዎች ነን።»

«ግን እኮ ይጠራል» አለ ደሳለኝ። ነጫጭ ድንጋዮቹ አሳዝነውታል። «ያኛው በሁለት ክረምት ሽንት ነው የሚመስለው፣ እትዬ።»

እሱ የጠራውን አለ፤ እኔ ቻዩን አልኩ። አንድ ለአንድ ሆንን። ሦስተኛዋ ድምፅ የእማሆይ ናት። ሁለቱን ናሙናዎች ከደጃቸው አስቀምጠን ውኃ አፈሰስንባቸው። እማሆይ ጫማቸውን አውልቀው፣ ግድግዳውን ይዘው፣ አንዱን ረገጡ፤ ሌላውን ረገጡ። አንደኛው ላይ ተመልሰው ቆሙ።

«ይሄ ይሻላል። ሻካራ ነው፤ እግሬን ይዞታል።»

«እማሆይ፣ እሱ እኮ ቢጫ ይሆናል» አላቸው ደሳለኝ።

«እኔስ ፀሐይ ላይ ስቀመጥ ኖሬ የቀድሞው መልኬ አለ? ዓይን ያለው ይዘንበት፤ እኔ በእግሬ ነው የማየው።»

ተወሰነ። ሦስት ቆርቆሮ ሙጫ ከነማጠንከሪያው መጣ። አንዱ ከአስፋልቱ እስከ መሐል፣ አንዱ ከመሐል እስከ እማሆይ ደጅ፣ አንዱ ወደ እኔ በር ለሚገባው ቅርንጫፍ። ለሦስት ቤት ሦስት፤ እኔ ራሴ ቆጥሬ ተረከብኩ።

የሚነጠፍበት ቀን ሐሙስ ነበር። ሙሉቀን ሙጫውንና ማጠንከሪያውን በባልዲ ውስጥ አዋህዶ፣ «እንግዲህ ፍጠኑ፤ ከተዋሐደ ወዲያ ቡና እስኪፈላ እንኳ አይታገሥም» አለን። ጠጠሩን ልንጨምር ስንል የንስሐ አባታችን መምሬ ከመተላለፊያው ብቅ አሉ። መስቀል ሳይሳም ሥራ ይቀጥላል? አይቀጥልም። በዕድሜ ተራ ተሳለምን። የሙሉቀን እጅ ሙጫ ስለነካ መታጠብ ነበረበት፤ ታጠበ፤ ተሳለመ። ከዚያ መምሬ ጠየቁን። እኛ ደህና ነን። ከብቱም ደህና ነው። የሩዙ ዘርስ? የልጆቹ ትምህርትስ? ጣናን ተሻግራ ያገባችው የእኔ ልጅስ?

«እማማ፣ ሙጫው…» አለ ሙሉቀን በጆሮዬ።

«ዝም በል! ሰላምታ ተቋርጦ የተሠራ መንገድ ወዴት ያደርሳል?»

ሦስተኛዋ የልጅ ልጄ ጋ ስንደርስ ባልዲው ጨሰ። እውነቴን ነው፤ እሳት ሳይነካው ጨሰ። መምሬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«ምንድን ነው ይሄ የሚጨሰው?»

«ሙጫ ነው፣ አባቴ።»

«ሙጫ በምን ጨሰ?»

«ሞተሩ ጋለ» አለ ደሳለኝ ከበረንዳው። ከሹፌር ሌላ ምን ይጠበቃል!

መምሬ በመስቀላቸው አማተቡበት። ጢሱ ቆመ፤ ግን ሙጫውም አብሮ ቆመ። የግንበኛው ማንኪያ መካከሉ ላይ እንደ ባንዲራ እንጨት ተተክሎ ቀረ። ለሁለት ሆነው ቢጎትቱት የተነቀለው ባልዲው ነው። አንድ ቆርቆሮ በሰላምታ አለቀ።

ሙሉቀን ምትክ ሊያመጣ ተነሣ። ሲሄድ ጣቱን ቀስሮ፣ «እማማ፣ እስክመለስ ምንም እንዳይነኩ። ልኬት አለው። ሁለት ጣሳ ሙጫ፣ አንድ ጣሳ ማጠንከሪያ ነው» አለኝ።

ሁለት ለአንድ!

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ላጫውታችሁ፤ አለዚያ ያደረግሁትን ስትሰሙ እብድ ትሉኛላችሁ። ባሌ ከሞተ በኋላ የሩዝ መሬቴን ለእኩል አራሽ ሰጥቼ ነበር። እኩል ማለት እኩል ነው፤ ግማሽ ለአራሹ፣ ግማሽ ለባለ መሬቱ። ሰውዬው ግን ሴት ናት፣ መቁጠር አትችልም ብሎ፣ ሁለት ቁና ወደ ራሱ፣ አንድ ቁና ወደ እኔ ሲሰፍር ያዝኩት። ቁናውን አሸክሜ ሽማግሌ ፊት አቆምኩት። እህሌንም መሬቴንም አስመለስኩ። ከዚያ ወዲህ «ሁለት ለአንድ» የሚል ድምፅ ስሰማ እጄ ዱላ ይፈልጋል።

እና አሁን ደመናው በጣና በኩል ጠቁሯል። ሙሉቀን ቀርቷል። እኔ እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ። ቆርቆሮዎቹን አያለሁ። ማነው ለማጠንከሪያው አንድ ብቻ የፈረደለት? የሚያጠነክረው እሱ አይደለም እንዴ? ሥራውን የሚሠራው አንድ፣ ተኝቶ የሚጠብቀው ሁለት? ይህማ የዚያ የእኩል አራሽ ሥራ ነው!

«ደሳለኝ፣ ና ያዝልኝ» አልኩት።

«እትዬ፣ ልጁ ሁለት ለአንድ ነው ያለው።»

«የነገረችው ባለሱቋ ናት። ሙጫው ቶሎ እንዲያልቅላት ነው።»

«እኔ መኪናዬ ላይ ዘይት በልኬት ነበር የምጨምረው…»

«አንተ መኪናህ የት አለ?»

ደሳለኝ ባልዲውን ያዘልኝ። አንድ ጣሳ በአንድ ጣሳ ሰፈርኩ፤ ማጠንከሪያው ሲያልቅ የሌላውን ቆርቆሮ ማጠንከሪያም ከፈትኩ። በእኩል! ጠጠሩን ጨምረን፣ ከእማሆይ ደጅ ጀምረን እስከ መሐል አነጠፍን። እንዴት ያምር ነበር! እያንዳንዱ ጠጠር እንደታጠበ ዓይን ያበራል። ሙሉቀን ሊመሽ ሲል ምትኩን ቆርቆሮ ይዞ ተመልሶ ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ። ጎንበስ ብሎ አሸተተውና፣ «በስንት በስንት አዋሐዳችሁት?» አለ። እኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣ «እንዳልከው» አልኩት።

በማግስቱ ጧት ከዶሮ ጩኸት ቀድሜ ተነሣሁ። ማለት፣ ዶሮዋ ቀድማኝ ነበር የምትጮኸው፤ በሁለት እግሯ መንገዱ ላይ ተጣብቃ። እሷን ላላቅቅ ስገባ ነጠላዬ ተጣበቀ። ነጠላዬን ሊያላቅቅ የመጣው ደሳለኝ ጫማው ቀረ። መንገዱ እንደ ማር እንጀራ ይስባል። ቅዳሜም ያው ነው። እሑድም ያው ነው። እማሆይ በራቸውን ከፍተው መቋሚያቸውን ወደ ውጭ ሲተክሉ መቋሚያው አልመለስ አላቸው።

«አንቺ ልጅ!» ብለው ጠሩኝ ከውስጥ። «የክረምቱን ጭቃ ፈራሁ ብልሽ የበጋ ጭቃ ሠራሽልኝ?»

ዝናቡ ሳይመጣ ታሰሩ። በእኔ እጅ ታሰሩ። ምሳቸውን በጓሮ ዞረን በመስኮት እናቀብል ጀመር። እጃቸውን ሲዘረጉ ባየሁ ቁጥር የምቆጣው ሰው እፈልጋለሁ። ተገኘች። ባለሱቋ!

ሰኞ፣ ገበያተኛው ሁሉ በሚያልፍበት፣ ሱቋ ደጃፍ ቆሜ ጮህኩባት። «የተበላሸ ሙጫ ሸጣ መነኩሲት አሰረች!» አልኩ። ሰው ተሰበሰበ። ባለሱቋ ሁለት የላስቲክ ኩባያ አወጣች። ከቀራት ጥቂት ሙጫ፣ ለሁለቱም ካንዱ ቆርቆሮ እየቀዳች፣ አንዱን ሁለት ለአንድ፣ ሌላውን አንድ ለአንድ አዋሐደችና መስኮቷ ላይ አስቀመጠች።

«እማማ፣ ነገ ይምጡና ጣትዎን ይክተቱበት» አለችኝ።

ያን ቀን እንዴት እንደዋልኩ አትጠይቁኝ። ሦስት ጊዜ በባጃጅ እስከ መስቀለኛው ሄጄ፣ መስኮቷን ከሩቅ አይቼ ተመለስኩ። በማግስቱ ጣቴን ከተትኩ። ሁለት ለአንዱ ጥርስ የሚሰብር ድንጋይ ሆኗል። የእኔ፣ እኩሉ፣ ጣቴን ይዞ አልለቅም አለ። ሙሉቀን አጠገቤ ቆሟል።

«አስረዳኝ» አልኩት።

«እማማ፣ ሙጫውና ማጠንከሪያው ይጋባሉ። አንዱ ጣሳ ማጠንከሪያ ሁለቱን ጣሳ ሙጫ አግብቶ ይጨርሳል። ከዚያ በላይ የጨመሩት ማጠንከሪያ የሚያገባው አጥቶ በመሐል ሲንከራተት ይኖራል። ሁለት ለአንድ ግፍ አይደለም፤ እያንዳንዱ የሚበቃውን ነው ያገኘው።»

ሚዜ የበዛበት ሠርግ ማለቱ ነው። ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ፣ እኩል መስፈርና በትክክል መስፈር አንድ እንዳልሆነ በጣቴ ተማርኩ። ትናንት የጮህኩት ሰው ፊት ነውና ዛሬም ሰው እስኪሰበሰብ ጠበቅሁ። በቂ ሰው ሲሞላ፣ «ይህች ልጅ ሐቀኛ ናት። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የዋሸሁትም እኔ ነኝ» አልኩ። ከኋላ አንዱ፣ «እሰይ እማማ!» ብሎ አጨበጨበ። እሱን አግኝቼው ቢሆን ኖሮ በጥፊ እለው ነበር።

ባለሱቋ የጎደለውን ማጠንከሪያ ለብቻው አንድ ቆርቆሮ ፈልጋ ሰጠችን። ሙጫ ግን አልቆባታል፤ ሌላ እስኪመጣ ክረምቱ ይቀድማል። ያነጠፍኩትን ጉድ ሁለት ቀን በአካፋ ፍቀን አነሣን። ከነምትኩ እጃችን የቀረው ሁለት ቆርቆሮ ሙጫ ነው። ለሦስት ሁለት!

ደሳለኝ፣ እግዜር ይስጠው፣ «መንገዱን እናጥብበውና ለሦስታችንም ይድረስ፤ እኩል ይሆናል» አለ።

«እኩል አትበለኝ!» ጮህኩ። ራሴም ደነገጥኩ። «ዓይን የሌለው ሰው በጠባብ መንገድ አይሄድም። ከአስፋልቱ እስከ እማሆይ ደጅ በሙሉ ስፋቱ ይነጠፍ። ያቃጠልኩትና ያበላሸሁት የእኔ ድርሻ ነው። ወደ እኔ በር የሚገባው ይቅር።»

«እትዬ፣ ባልዲው የጨሰው በእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ መምሬ ናቸው…»

«ሦስተኛዋን የልጅ ልጄን ማን እያወራ ነበር? ተወኝ።»

ሙሉቀን አነጠፈ። ሁለት ለአንድ ሲሰፍር ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ፤ ልማድ ነው፣ ቶሎ አይለቅም። መምሬ በሚያልፉበት ሰዓት ደሳለኝ አስፋልቱ ዳር ቆሞ፣ እዚያው ተሳልሞ፣ እዚያው ስለ ስድስቱም ልጆቹ እያወራ አቆያቸው። በማግስቱ መንገዱ ጠጥሮ አደረ።

ሰኔ ገብቶ ሁለተኛው እሑድ ነው። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ ጧት አባራ። ለቅዳሴ በሬን ከፍቼ ስወጣ፣ በሦስተኛው እርምጃ ላይ ዋልካው ሁለቱንም እግሬን ዋጣቸው። ወደፊት የለ፣ ወደኋላ የለ። ለመጮህ አፌን ስከፍት ኰቴ ሰማሁ። ቀስ ያለ፣ የማይንሸራተት። እማሆይ ነጭ ለብሰው፣ ማንም ሳይዛቸው፣ በመንገዱ መካከል እየመጡ ነው። እኔ ፊት ሲደርሱ ቆሙ።

«አንቺ ነሽ የምትንቦጫረቂው?»

«እኔ ነኝ፣ እማሆይ።»

መቋሚያቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «ያዢ።»

«ኧረ ይወድቃሉ! ደሳለኝን ልጥራ!»

«የቆምኩበት አይንቀሳቀስም። ያዢ ብዬሻለሁ፤ ቅዳሴው ሊገባ ነው።»

ያዝኩ። ጎተቱኝ። ሰማንያ ያለፋቸው ዓይነ ስውር መነኩሲት እንደ ሽንኩርት ነቀሉኝ። ወጣሁ፤ የግራ ጫማዬ ግን ዋልካው ውስጥ ቀረ። ልመለስለት ስል መቋሚያው ደረቴን መታኝ፤ ተከትዬ ሄድኩ። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሁሉም ሰው ጫማውን ለማውለቅ ጎንበስ ሲል፣ እኔ ያን ቀን ግማሹን ሥራ ቀድሜ ጨርሼ ነበር።